የክረምት ጉዞ ወደ ጉራጌ ተራሮች፦ መንገዱንና ርቀቱን አስቀድሞ ማስላት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አምስት የሥራ ባልደረቦች ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሄድን። ዓላማችን ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የተዘረጋውን የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት በአንድ ቀን ወጥተን መመለስ ነበር። ካርታ ይዘናል፤ ርቀቱንም በኪሎ ሜትር ለክተናል። ይሁንና ጠዋት ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን፣ ጫማችን እንኳ ሳይርስ የተሻገርነው ጅረት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስንመለስ ጅረትነቱ ቀርቶ ወንዝ ሆኖ ጠበቀን። ከወንዙ ማዶ፣ መኪናችን ይቆምበታል ብለን ያሰብነው ቦታ ባዶ ነበር። ዝናቡ አላባራም። ከመካከላችን አንደኛው ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ።

ያን ቀን እንዴት እንደተረፍን በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያው ተራራ ደጋግሜ ስለተመላለስኩ፣ ለጉዞ የሚያስቡ ጓደኞቼ ይደውሉልኛል። ሁሉም የሚጠይቁኝ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብለው ነው። እኔ ደግሞ "መኪናችሁ የት ድረስ ይገባል?" ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። በክረምት የተራራ ጉዞ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

ክረምት የቱ ነው?

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዴ "ክረምት ላይ እመጣለሁ፤ ተራራ እንወጣለን" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ለሐምሌ ስዘጋጅ እሱ ለካ ለታኅሣሥ ትኬት ቆርጧል። በረዶ በሚጥልበት አገር የኖረ ሰው ክረምት የሚለው ብርዱን ወቅት ነው። የእኛ ክረምት ግን ዝናቡ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በሚቲዎሮሎጂ አከፋፈል ደግሞ በፈረንጆቹ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያሉት አራት ወራት ናቸው። ስለዚህ ከውጭ አገር የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ በእነርሱ ክረምት ኢትዮጵያን እንድንጎበኝ ሲመክር፣ የሚናገረው ስለ እኛ በጋ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮች መታወስ አለባቸው። አንደኛ፣ በጉራጌ ተራሮች አካባቢ ዝናብ የሚጥለው በክረምት ብቻ አይደለም። የበልግ ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያም መንገዱን ያጨቀያል። ሁለተኛ፣ መስቀል በዓሉ የሚከበረው መስከረም 17 እንደመሆኑ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ብዙ የከተማ ሰው "አዲስ ዓመት ገብቷል፤ ዝናቡ አልፏል" ብሎ የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው። መሬቱ ግን የሦስት ወር ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል። አንድ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ በሰኔ መጀመሪያ ወደ አፈሩ ይሰርግ ይሆናል፤ በመስከረም ግን በቀጥታ ወደ ጅረቱ ይወርዳል።

ተራራው የት ነው?

የጉራጌ ተራሮች ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ እንደ ግድግዳ የቆሙ ናቸው። ከፍተኛው ቦታ ዘቢዳር ሲሆን ከፍታው ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ጀርባ ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በምሥራቅ በኩል ያለው በመቂ ወንዝ በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ በዋቤ ወንዝ በኩል ወደ ግቤ፣ ከዚያም በኦሞ አድርጎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። እዚህ ላይ ዋቤ ስንል በባሌና በሶማሌ የሚያልፈው ዋቤ ሸበሌ ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ሁለቱ ከተሞች የቆሙት በዚህ ጀርባ ግራና ቀኝ ነው። ቡታጅራ በምሥራቅ በኩል በ2,100 ሜትር ገደማ፣ ወልቂጤ በምዕራብ በኩል በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ግን ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ይህ ለተጓዥ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ መንገድ፣ ስለ ጸጥታም ሆነ ስለ አስጎብኚ መረጃ የሚፈልግ ሰው እንደሚወጣበት አቅጣጫ ሁለት የተለያዩ የዞን አስተዳደሮችን ሊጠይቅ ግድ ይለዋል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአስፋልት ከወልቂጤ ወደ ዓለም ገና ተመልሶ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ ሰው ግን ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። ልዩነቱን ያመጣው ተራራው ነው። በአንዱ ወገን ወጥቶ በሌላው ወገን ለመውረድ የሚያስብ፣ መኪናው ዞሮ የሚጠብቀው የግማሽ ቀን ጉዞ ተጉዞ መሆኑን አስቀድሞ ይቁጠር። በተራራው ላይ በመኪና አቋርጦ ለማለፍ የሚያስብም ቢሆን፣ የመንገዱን ይዞታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰበት ሹፌር ሳይጠይቅ አይነሳ።

የምሥራቁ በር፦ ቡታጅራ

ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ከ130 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ ዓለም ገና ላይ ከጅማው መንገድ ይገነጠልና አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ተሻግሮ፣ በጢያ፣ በቡኢና በኬላ በኩል ይወርዳል። መልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰው አሻራ የተገኘበት ቦታ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጢያ ትክል ድንጋዮች ደግሞ ከ1980 ጀምሮ የተመዘገቡ ናቸው። ጊዜ ያለው ሰው ሁለቱንም በመንገዱ ላይ ማየት ይችላል፤ በጉዞው ዋዜማ እንጂ በጉዞው ዕለት ግን አይሆንም።

ይህ መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር የተቋቋመው የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገዱን ለማሠራት ነበር። በአዲስ አበባ ይነግዱና ይሠሩ የነበሩ ጉራጌዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ከዘመድ መቆራረጡ አንገሽግሿቸው፣ መንግሥትን ከመጠበቅ ይልቅ ራሳቸው ጀመሩት። ዛሬ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቡታጅራ የምንደርሰው በዚያ ጥረት ላይ በተሠራ መንገድ ነው።

በቡታጅራ በኩል መውጣት አጭር ነው፤ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ተራራው ከከተማዋ ራስጌ ስለሚታይ ቅርብ ይመስላል፤ ይህም ብዙ ሰው ያታልላል። ከከተማዋ እስከ ጫፉ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,600 ሜትር ያህል ነው። ከቁልቁለቱ የሚወርዱት ጅረቶችም አጫጭርና ተንደርዳሪ ስለሆኑ ፈጥነው ይሞላሉ፤ ደግነቱ ፈጥነውም ይጎድላሉ።

የምዕራቡ በር፦ ወልቂጤ

ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በ158 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች። በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል ይታለፋል። ከወልቂጤ ወደ ጉብሬና ወደ እምድብር የሚወስደው መንገድ ቀስ እያለ ወደ እዣና ወደ ጉመር ደጋ ያወጣል። በዚህ በኩል ተራራው ግድግዳ ሳይሆን ሰፊ ተዳፋት ነው። የሚወጣው ከፍታ በረጅም መንገድ ላይ ስለተከፋፈለ ጉልበትን አያስጨንቅም፤ ቀንን ግን ይበላል።

የዚህ አቅጣጫ ውበቱ መንደሩ ነው። በእንሰት ማሳዎች መካከል በሚያልፈው ጀፎረ ላይ መሄድ ይቻላል። ጀፎረ ማለት የጎጆ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚታዩበት፣ በሣር የተሸፈነ ሰፊ የመንደር መንገድ ነው። ልቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የመስቀል ጨዋታውም እዚያ ላይ ነው። ስፋቱን ማንም ቆርሶ እንዳይወስድ በባህላዊ ሕግ የተጠበቀ ነው። ሣሩ የደለደለው መሬት በክረምት እንኳ ለእግረኛ ይመቻል። ነገር ግን በእርጥብ ጀፎረ ላይ መኪና መንዳት ሣሩን ገልብጦ ዓመቱን ሙሉ የማይድን ጠባሳ ይጥላል። መኪናዎን ጠጠሩ ላይ ያቁሙና በእግርዎ ይግቡ።

አስፋልቱ ሲያልቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እስከ ቡታጅራ ወይም እስከ ወልቂጤ ያለው ጉዞ ክረምትም ሆነ በጋ ብዙ አይለያይም። የሚለያየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የገጠር መንገድ በሁለት ይከፈላል፤ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል ጠጠር መንገድ አለ፤ የበጋ መንገድም አለ። የበጋ መንገድ ማለት ጠጠር ያልለበሰ፣ ውሃ መውረጃ ቱቦ ያልተቀበረለት፣ በጥር ወር ሚኒባስ ሳይቀር የሚያስገባ፣ በሐምሌ ግን ትራክተር የሚይዝ መንገድ ነው። ካርታ ላይ ሁለቱም መስመር ናቸው። በስልክ ካርታ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይለዩም።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ማረጋገጥ የሚገባዎት ነገር "መንገድ አለ ወይ?" የሚለውን አይደለም። "በዚህ ሳምንት መኪና እስከየት ገብቷል?" ብለው ይጠይቁ። መልሱን የሚያውቁት በመናኸሪያ ያሉ የቅጥቅጥና የሞተር ሹፌሮች፣ በገበያ ቀን ከደጋ የሚወርዱ ነጋዴዎችና የጤና ኬላ ሠራተኞች ናቸው። ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ ከሦስቱ የቀረበውን ቦታ ይያዙ። ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና አለኝ ብለው አይመኩ። በመረሬ አፈር ላይ ጎማው በጭቃ ከተሸፈነ በኋላ አራቱም አብረው ይሽከረከራሉ።

ኪሎ ሜትርን ወደ ሰዓት መለወጥ

ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ቁጠር፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። ይህ ግን ለጠንካራ እግርና ለደረቅ መንገድ ነው። እኔ በክረምት ጭቃ ላይ ለመውጣት ውጤቱን በአንድ ተኩል አበዛለሁ። ቁልቁለቱም በጋ ላይ እንደሚቀለው አይቀልም፤ ጉልበትና ዱላ ላይ ተደግፎ የሚወረድ ስለሆነ ጊዜው ከመውጫው ብዙም አያንስም።

ምሳሌ እንውሰድ። መኪናው እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ገባ እንበል፤ ከዚያ እስከ 3,700 ሜትር ያለው የእግር መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ይሁን።

• ለ8 ኪሎ ሜትር፦ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ።
• ለ1,200 ሜትር ሽቅብ፦ 2 ሰዓት።
• ድምር 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፤ በክረምት በአንድ ተኩል ሲባዛ 5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ።
• መውረጃ በክረምት፦ 3 ሰዓት ተኩል።
• ለዕረፍትና ለምግብ፦ 1 ሰዓት።

ጠቅላላው 10 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መኪናው ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ያው መኪና በጭቃው ምክንያት 5 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ 200 ሜትር ዝቅ ብሎ ቆመ እንበል። ለመውጣት 2 ሰዓት፣ ለመውረድ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨመራል። ጠቅላላው ከ13 ሰዓት ይበልጣል። በነሐሴ አጋማሽ በዚህ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ የምትጠልቀው ማታ 12 ከ40 ገደማ ነው። ብርሃን የሚኖረን 12 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ተራራው ያው ነው፤ እግራችንም ያው ነው፤ መኪናው ባልገባባቸው አምስት ኪሎ ሜትሮች ምክንያት የአንድ ቀን ጉዞ የነበረው በአንድ ቀን የማይሆን ሆነ። እኛ ያን ጊዜ ያላሰላነው ይህንኑ ነበር። መኪናችን ካሰብነው ቦታ ቀድሞ ሲቆም "ትንሽ በእግራችን እንጨምራለን" ብለን ሳቅን።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መቁጠር

ስለዚህ ዕቅድ የሚወጣው ከመነሻው ሳይሆን ከመመለሻው ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ማስላት ይጠቅማል።

መጀመሪያ መኪናው ጋ የሚደርሱበትን የመጨረሻ ሰዓት ይወስኑ፤ ከ11 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል። ከዚያ መሻገር ያለብዎት ጅረት ካለ የሚሻገሩበትን ሰዓት ይወስኑ። የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በጊዜ መሻገር ይሻላል። በመጨረሻ የመመለሻ ሰዓት ይቁረጡ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ፊትን አዙሮ መመለስ ነው። ይህን ሰዓት ቡድኑ ገና ከተማ ሳለ፣ ሁሉም ባለበት መስማማት አለበት። ተራራው ላይ ክርክር ከተጀመረ የሚያሸንፈው ጉጉት ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ይከተላል። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቶ በዕለቱ ደርሶ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ መመለስ በክረምት አይታሰብም። ዋዜማውን ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ማደር ያስፈልጋል። በመስቀል ሰሞን የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ወደ አገሩ የሚገባው በዚያ ሳምንት ስለሆነ መኪናም አልጋም አስቀድሞ ሊያዝ ይገባል።

ካርታን በተመለከተ፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ያዘጋጃቸው የአንድ ለ50,000 ካርታዎች እስከ ዛሬ ይጠቅማሉ። ሥራው አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱን በማስመሪያ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ክር አስተኝተው ይለኩ፤ ጠመዝማዛው መንገድ ከቀጥታው ብዙ ይረዝማል። የከፍታ መስመሮቹ በተጠጋጉበት ቦታ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ጂፒኤስ ያለው ስልክም ይያዙ፤ ካርታውን ግን ኔትወርክ ባለበት ከተማ ሳሉ ይጫኑት። ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ ኔትወርኩ ይጠፋል።

ውሃ

በክረምት ተራራ ላይ ከጅብም ከገደልም በላይ የምፈራው ጅረት ነው። እርስዎ ያሉበት ቦታ ሳይዘንብ ከላይ ዘንቦ ሊሞላ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ ከተሰማ ወዲያውኑ ከዳር ይራቁ።

ከጉልበት በላይ የደረሰ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። እንዲህ ያለውን ውሃ በገመድም በመያያዝም እንሻገር ማለት አያዋጣም። በሚሻገሩት ውሃ ላይ እንኳ የሻንጣዎን ማሰሪያ ይፍቱ፤ ቢወድቁ ሻንጣው ይዞዎት እንዳይሰምጥ ነው። ጫማ አያውልቁ። ዱላ ይያዙ፤ ፊትዎን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረው አንድ እግር ብቻ በየተራ ያንሱ። ከሁሉም የሚሻለው ግን መጠበቅ ነው። ከዳገት የሚወርድ አጭር ጅረት ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊጎድል ይችላል። ለመጠበቅ ደግሞ ጊዜ፣ ምግብና ደረቅ ልብስ ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ውስጥ ትርፍ ሰዓት የምናስቀምጠው ለዚህ ነው።

ብርድ፣ ጉምና መብረቅ

ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀት በየመቶው ሜትር 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከቡታጅራ እስከ ጫፉ ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ዝናብና ነፋስ ሲጨመርበት በዜሮ ዲግሪ ላይ ሳንደርስ ሰውነት ሙቀቱን ሊያጣ ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ንግግር መኮላተፍ፣ መሰናከልና "እዚሁ ልረፍ" ማለት ነው። መንቀጥቀጡ ሙቀት ሳያገኝ ከቆመ ሰውየው ዳነ ማለት ሳይሆን ባሰበት ማለት ነው። እርጥብ ልብሱን አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ ከነፋስ መከለል፣ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት ይገባል፤ አረቄ ግን አይሰጥም። ጂንስ ሱሪ ከረጠበ አይደርቅም፤ ሱፍ ግን ርሶም ያሞቃል።

ከፍታው ራሱም ይከብዳል። በ3,700 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ይሻለዋል። ከባሕር ጠለል አገር በዚያው ሳምንት የመጣ ዘመድ ግን ቢያንስ ጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ቢቆይ ይመከራል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከአስታውና ከጅባራው አካባቢ ጀምሮ ተራራው ራቁቱን ነው። ብልጭታውን ባዩ ጊዜ መቁጠር ይጀምሩ፤ ድምፁ እስኪሰማ በየሦስት ሰኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስላለ ከጀርባው መውረድ ያስፈልጋል። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ጉም ከመጣ ደግሞ አቋራጭ አይፈልጉ፤ በመጡበት ይመለሱ። በጋ የሚሄድ ሰው ከዝናቡ ቢያመልጥም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንዳለ አይርሳ።

ሰው

ከመነሳትዎ በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ይመልከቱ። በአካባቢው አንዳንድ ወረዳዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጸጥታ ችግር ታይቷልና ወደሚሄዱበት ወረዳ ደውለው ሁኔታውን ይጠይቁ፤ ሲደርሱም ለቀበሌው ያሳውቁ። ከመንደሩ አንድ ወጣት መንገድ መሪ ይያዙ፤ ዋጋውን ጠዋት ይነጋገሩ። ከከተማ ለቀረ አንድ ሰው መንገዳችሁንና የመመለሻ ሰዓታችሁን በጽሑፍ ትታችሁ ሂዱ። ለሹፌሩ ደግሞ "ጠብቀን" ብቻ አይበሉት። "ዝናብ ከመጣ የት ትጠብቀናለህ?" ብላችሁ ሁለተኛ ቦታ ተስማሙ።

እኛ ይህን የመጨረሻውን አላደረግንም ነበር። ሹፌራችን አልከዳንም። መንገዱ እየተበላሸ ሲሄድ መኪናው እንዳይታሰርበት ወደ ጠጠሩ ወርዶ ነበር፤ ሊነግረን ቢደውልም ስልካችን አልሠራም። እኛ ግን ወንዙ ዳር ቆመን "እንዴት ትቶን ይሄዳል!" እያልን በብስጭት ለመሻገር ተዘጋጀን። ሁለታችን ሱሪያችንን ሰብስበናል።

ከማዶ አንድ አባት ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲሄዱ አዩንና በጩኸት አስቆሙን።

"ልጆቼ፣ አትግቡ! ይጎድላል፤ ቆዩ!"

"አባባ፣ ይመሻል እኮ!"

"ይምሽ! ከኋላችሁ ቤት አለ፤ ወደዚያ ውጡ!"

እውነትም ከበስተ ኋላችን፣ ከእንሰቱ መሀል ጢስ ይታይ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት እናት ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ አስገቡን። ያ የሚንቀጠቀጠው ባልደረባችን እርጥብ ልብሱን አውልቆ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ እሳት ዳር ተቀመጠ። ቆጮና ጎመን በላን፤ ቡና ጠጣን። እማማ ቡናውን እየቀዱ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። አዲስ አበባ ስንላቸው፣ እዚያ ያለ ልጃቸው ለመስቀል እንደሚመጣ ነገሩን። "እሱም ቢሆን ውሃው ሲሞላ ከማዶ ነው የሚያድረው" አሉን።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጅረቱ ወረድን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን ተሻገርንና አንድ ሰዓት ከሩብ በጭቃ ተጉዘን ጠጠሩ ላይ ደረስን። ሹፌራችን መኪናው ውስጥ ተኝቶ አገኘነው።